አባባ ከዳንግላ ያመጧቸው ሰው

ልጅ እያለሁ ድካም የራሱ ሽታ ያለው ይመስለኝ ነበር። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለሱ አብሯቸው የሚገባ ሽታ ነው፤ እርጥብ ቀርከሃ፣ ጭስ፣ ዝናብ የነካው አሮጌ ካፖርት፣ ጉልበታቸውን የሚያሹበት ቅባት። በሩ ላይ ይቆሙና አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው ትንሽ ይተነፍሳሉ። «ደከመዎት አባባ?» ስላቸው «ኧረ፣ በሩን እያየሁ ነው» ይሉኛል። በሩን የሠሩት ራሳቸው ስለነበሩ እውነት ይመስለኝ ነበር።

የምንኖረው ቆሰበር ነው። ወረቀቱም ታፔላውም እንጅባራ ይላል፣ እኛ ግን ቆሰበር ነው የምንለው። ጊዜው የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ባጃጅ ገና ብርቅ ነበር፤ ኔትወርክ ፍለጋ ሰው ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ጉብታ ይወጣ ነበር። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ይወርድና አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ያልፋሉ። አባባ በዚያ ጉም ውስጥ፣ መንገድ ዳር ከወጠሩት ሸራ ሥር፣ ቀርከሃ ሲሰነጥቁና ሲልጉ ይውላሉ። ወንበር ይሠራሉ፣ አልጋ ይሠራሉ፣ የዕቃ መደርደሪያና የሕፃን አልጋ ይሠራሉ። ገበሬዎቹ ቀርከሃውን በትከሻቸው አዝለው ሲያመጡላቸው በአዊኛ ያወጋሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «እማ፣ ከስንጥሩ ራቂ» ይሉኛል።

የቀርከሃ ስንጥር ከምላጭ ይብሳል። እናቴ የሺ ማታ ማታ ከመዳፋቸው በመርፌ ትለቅምላቸው ነበር። እሷ ስትለቅም እሳቸው ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። መርፌ እየወጋው የሚተኛ ሰው ከእሳቸው ሌላ አይቼ አላውቅም።

የሰፈሩ ሰው «አስር አለቃ» ነበር የሚላቸው፤ አስር አለቃ አለኸኝ። በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምተው ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ነው የተመለሱት። ይዘውት የመጡት ያንን ማዕረግና የማይታጠፍ ቀኝ ጉልበት ነው። ወሬ ግን ይዘው አልመጡም። ሌሎቹ የሠፈራችን ዘማቾች ጠላ ቤት ቁጭ ብለው ጦርነቱን እንደገና ሲዋጉት ያመሻሉ፤ አባባ አይደርሱም። እኔ ትምህርት ቤት የሰማሁትን ይዤ «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላቸው «ብርድ ነበር» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው «ጫማም አልነበረም» ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ቢላዋቸውን ያነሳሉ።

አባቴ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን በጎንደር መስመር ወጣና ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ። ስለዚህ ዝናብ የጣለ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ የምጠብቀው አባባን ነበር። የሌላው ልጅ አባት ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፤ የእኔ አያት ገሳ ለብሰው ይመጣሉ። ልጆቹ ያን የሣር ካባ አይተው ይስቁ ነበር። እኔ ግን ከሥሩ ስገባ ሙቀቱ፣ የሣሩ ሽታ፣ ዝናቡ ከላይ ሲያንኳኳ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁሉም ደስ ይለኝ ነበር። ያ የማይታጠፍ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ሲቀር ቆም ይሉና «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብለው እግራቸውን ይነቅላሉ። የእኔን እጅ ግን አይለቁም።

ቤታችን ከኋላ ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ ከፊት ደግሞ ወደ መንገዱ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረችው። እናቴ ያቺን ክፍል ሻይ ቤት ልታደርጋት አስባ ነበር። ከቤቱ አከራይ ጋር ተነጋግራለች፣ ግድግዳውን በኖራ ቀብታለች፣ አባባም አግዳሚ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዎቹን ሠርተው ጨርሰዋል። እናቴ በዚያ ሰሞን ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። ባሏ ከሄደ ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ አባባ ዳንግላ የታዘዙትን ወንበሮች ሊያደርሱ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ወንበሮቹን ሚኒባሱ አናት ላይ ጫንን። ዳንግላ መናኸሪያ ስንደርስ ወደ ጋሪ አዛወርናቸው፤ ያን ጊዜ ዳንግላ ሰውም ዕቃም በጋሪ ነበር የሚሄደው። ወንበሮቹን አስረክበን ስንመለስ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን በረንዳ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አንድ ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ልብሳቸው በጭቃ ተለውሶ፣ በትራቸውን ወደ አንድ ባለጋሪ ቀስረው ይሟገታሉ።

«ዓይኑ ለአንተ፣ ጭቃው ለእኔ» ይላሉ። «ይኼ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው? ማን ነው ያካፈለን?»

አባባ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጄን የያዘው እጃቸው ጠበቀብኝ። ባለጋሪው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ፣ ሰዉም ተበተነ። አባባ ቀረብ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰይድ» አሉ።

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ።  ከዚያ «አለኸኝ ነህ?» አሉ። «ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አልሞትኩም። ደክሞኝ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። አባባ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሳቁ ከሆነ ሩቅ ቦታ ተጎትቶ የመጣ ይመስል ነበር።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ከአባባ ጋር በአንድ ጦር ነበሩ። ጦሩ ሲበተን አገራቸው ገብተው ማንም ስላልጠበቃቸው እየዞሩ ሲሠሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ዳንግላ ከአንዲት ሴት ጋር ጎጆ መሠረቱ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ሴትዮዋም ሞተች። የእህል ነጋዴው አዝኖላቸው በመጋዘኑ ጥግ፣ በጆንያዎቹ መካከል እንዲያድሩ ፈቅዶላቸው ነበር። ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩን። አባባ ዳቦና ሻይ አስመጡላቸው፣ ጭቃውን በመሐረባቸው ጠረጉላቸው፣ ከዚያ ተሰናብተናቸው ሄድን። አባባ በመንገዱ ሁሉ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር። ጉም ስለነበር የሚታይ ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻቸውን ሄዱና ጋሼ ሰይድን ይዘው መጡ። አንድ ፌስታል ልብስ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ በትር። እናቴ የሻይ ቤቱን ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። አባባ እንግዳውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ጠሯት። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። እኔም ሰማሁ፣ ጋሼ ሰይድም ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ውለታ አለብዎት?» አለቻቸው እናቴ። «ጦር ሜዳ ላይ አድኖዎታል?»

«ኧረ ምንም። እሱም እኔን አላዳነኝ፣ እኔም እሱን አላዳንኩት። እንደዚያ ያለ ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን?»

 «አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እንለብስ ነበር» አሉ አባባ። «ሰው የለውም፤ እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ። ባላውቀው ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር፣ አልዋሽሽም። አውቄው እንዴት ልለፍ?»

«ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ» አለች እናቴ። «ቤት ግን አይሰፋም፣ አባባ። ያለችኝ ያቺ ክፍል ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ።  እናቴ ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። ወጥታ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ወደ ደጅ አወጣቻቸው። ማታ አባባ በተረፈ ቀርከሃ አልጋ ሠርተው በዚያች በኖራ በተቀባች ክፍል ዘረጉ።

ጋሼ ሰይድ ደግሞ ተመስገን ብለው ጥግ የሚይዙ ሰው አልነበሩም። ሻዩ ስኳር አነሰው፣ ብርድ ልብሱ ሳሳ፣ ዶሮው ያለሰዓቱ ጮኸ ይላሉ። «የዚህ አገር ፀሐይ ለጉብኝት ነው እንዴ የምትመጣው?» ይላሉ ጉሙን እየረገሙ። ሬዲዮናቸውን ጎረቤት እስኪሰማ ይከፍታሉ። አባባ ሥራ ሊያስተምሯቸው ሞክረው ነበር፤ ቅርጫት በእጅ ዳበሳም ይሠራል ብለው የቀርከሃ ልጥ ሰጧቸው። ጋሼ ሰይድ በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣታቸውን ቆረጡና ልጡን ወረወሩት። «ይኼ ሣር ነው ወይስ ጎራዴ?» አሉ። በዚያው ቀረ።

የምግቡ ነገር ደግሞ ነበር። ጋሼ ሰይድ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ በሥጋ አንገናኝም። ፋሲካ ሲመጣ አባባ ዶሮ ገዝተው ከሥራ ቦታቸው አጠገብ ላለው ሙስሊም ልብስ ሰፊ ወሰዱ፤ እሱ ባረከው። እናቴ ለጋሼ ሰይድ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት አወጣች። እየተነጫነጨች ነበር ያወጣችው። ቢሆንም ያን ድስት ለብቻው ስታጥብ፣ ለብቻው ስትሰቅል፣ እኔም ተሳስቼ እንዳልነካው ስትቆጣኝ አስታውሳለሁ።

አርብ አርብ አባባ ሥራቸውን እኩለ ቀን ላይ ያቆሙና ጋሼ ሰይድን ወደ መስጊድ ይወስዷቸዋል። አንዱ አያዩም፣ አንዱ እግራቸው አይታጠፍም፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በመንገዱ ዳር ቀስ እያሉ ሲሄዱ ባለፈረሶቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁላቸዋል። ሶላቱ እስኪያልቅ አባባ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ራሳቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘኋቸው። ሶላት ጨርሶ የሚወጣው ሰው እንዳይቀሰቅሳቸው እየተጠነቀቀ በዝምታ ያልፍ ነበር። ጋሼ ሰይድም አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። «ተይው፣ ይተኛ» አሉኝ። «እዚያም ቢሆን እንደዚህ ነበር። ያገኘበት ነው የሚተኛው።» ስለ ጦርነቱ ከሁለቱም አፍ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው።

ሁለቱ ሲያወሩ የሰማሁትም ስለ ውጊያ አልነበረም። ስለ አንዲት አልታዘዝ ያለች በቅሎ፣ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ውኃ ሳይበቃቸው ጺማቸውን ስለተላጩበት ቀን ያወራሉ።  አብዛኛውን ጊዜ ግን አባባ ይልጋሉ፣ ጋሼ ሰይድ የቢላዋውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ስምንተኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ስዘጋጅ የሬዲዮው ባትሪ አልቆ ነበርና ጋሼ ሰይድ ትምህርቴን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብኩ። እሳቸው ከመጽሐፉ ጋር ይከራከራሉ፣ አባባ ያንቀላፋሉ፣ እናቴ ስንጥር ትለቅማለች። ፈተናውን ያለፍኩት በዚያ ይመስለኛል።

እናቴ ሻይዋን ከቤቱ ውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ላስቲክ ወጥራ ጀመረች። ለመንገደኛ ሻይና ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ክረምት ላይ ዝናቡ ከጎን እየገባ ያረጥባታል፤ ሳል ጀመራት። አባባ ያን ሳል ሲሰሙ እጃቸው ለአፍታ ይቆማል። ያቺን ክፍል ለማካካስ ነው መሰለኝ ከወትሮው አብልጠው መሥራት ያዙ። በጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። በሩ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ እየረዘመ መጣ። እግራቸው ያብጥ ጀመር። በመጨረሻ እናቴ ለምና ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው አለ።

አባባ ሲመለሱ ለጋሼ ሰይድ ነገሯቸው። «ልብህ ደክሟል አሉኝ።»

«ይኼን ለማወቅ ባሕር ዳር ድረስ ሄድክ?» አሉ ጋሼ ሰይድ። «እኔ እነግርህ አልነበር።»

ተሳሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። መድኃኒቱን በሰዓቱ ታቀርብላቸዋለች፣ ጨው የሌለበት ወጥ ትሠራለች፣ ሥራ እንዲተዉ ትለምናለች። ሥራውን አልተዉትም። ሸራውን ከመንገድ ዳር አንስተው ደጃችን ላይ ወጠሩትና ቁጭ ብለው ትንንሽ ነገር ይሠሩ ጀመር፤ የዳቦ ቅርጫት፣ ለእኔ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ዝናብ ሲጥል ትምህርት ቤት በር ላይ መምጣት አልቻሉም። ቢሆንም ገሳውን ለጎረቤት ልጅ አስይዘው ይልኩልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትልቅ ልጅ ብሆንም ለብሼው እመጣለሁ።

የሞቱት ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ነው። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እናቴ ድንች ትቀቅላለች፣ እኔ ጫማዬን አጥባለሁ። ጋሼ ሰይድ ከክፍላቸው ሆነው «የሺዬ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የሺዬ፣ ቢላዋው ጸጥ አለ። እይው።» እኛ ዓይን ያለን እዚያው አጠገባቸው ሆነን አላየንም። አባባ ግድግዳው ላይ እንደተደገፉ ነበሩ። እንደ ሁልጊዜው የተኙ ነበር የሚመስሉት፤ እናቴ ጭናቸው ላይ የወደቀውን ቀርከሃ አንስታ አጠገባቸው አስቀመጠች፣ ከዚያ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ለቀብሩ ሰው ብዙ መጣ። ገበሬዎቹ በፈረስ መጡ፤ በአዊኛ አለቀሷቸው። ጋሼ ሰይድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በትራቸውን ይዘው ቆሙ፤ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። 

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ አንድ ያልተነገረ ነገር ገባ። ለቅሶ የሚመጡት ሰዎች እናቴን ወደ ጥግ እየወሰዱ «ሽማግሌውን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» ይሏታል። አባባ ለእሷ አደራ ብለው አልሞቱም፤ አንድም ቀን «ከእኔ በኋላ» ብለው አላወሩም። እናቴ ቡና ትቀዳላቸዋለች። እኔ ክፍሏን በመጨረሻ ለሻይ ቤቷ ትወስዳት ይሆን ብዬ አስብ ነበር፤ መብቷም ነበር።

የአርባው ተዝካር በተበላ ማግስት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ሰይድ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ሬዲዮውን አቅፈው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። «እማ፣ ባጃጅ ጥሪልኝ» አሉኝ። «መናኸሪያ ያድርሰኝ።»  እናቴ ከጓዳ ወጣች። በእጇ የእሳቸውን ድስት ይዛ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«ዳንግላ።»

«ዳንግላ ማን አለዎት?»

ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ማንም» አሉ።

«እንግዲያው ይግቡ፤ ምሳ ይቀዘቅዛል» አለች። ፌስታሉን ከጭናቸው አንስታ ይዛ ገባች። እሳቸው ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ በትራቸውን ፈልገው ተነሱና ገቡ። ስለዚያ ነገር በቤታችን ዳግመኛ አልተወራም።

ጋሼ ሰይድ ከአባባ በኋላ ለዓመታት ከእኛ ጋር ኖሩ። አርብ አርብ መስጊድ የምታደርሳቸው እናቴ ሆነች፤ ነጠላዋን ተከናንባ እዚያው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስኳር አነሰ ይሏታል፣ እሷም «ይበቃዎታል» ትላቸዋለች። በመጨረሻው ዓመት አልጋ ይዘው ሲተኙ እየገለበጠች ያጠበቻቸው እሷ ናት። ሲሞቱ የመስጊዱ ሰዎች መጥተው በወጉ ቀበሯቸው። የእኛም ሰፈር ሰው ወጥቶ ሸኛቸው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ «አባቴ» ነበር የምትለው። የቱን አባቷን እንደምትል አልጠየቅኳትም።

ዛሬ አዘና ከተማ መምህርት ነኝ። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ፤ አንዷ ባዶ ናት። ሙሉ ቀን ቆሜ አስተምሬ ስገባ በሩን ቆልፌ ስልኬን ይዤ እተኛለሁ። የጎረቤቴን ስም እስካሁን በደንብ አላውቀውም። ቆሰበር ስሄድ መንገድ ዳር የፕላስቲክ ወንበሩ ተቆልሎ አያለሁ፤ ቀርከሃ የሚሠሩት ወጣቶች ቫርኒሽ ቀብተው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። ጥሩ ይሠራሉ። እናቴ ሻይ ቤቷን ከፍታለች። ግን አርጅታለች፤ ሳሉ አልለቀቃትም፤ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ እያለ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች።

ባለፈው እረፍት ሄጄ ስኒ እያጠብኩላት ጠየቅኋት። ያን ቀን ጋሼ ሰይድን ለምን እንዳስቀረቻቸው፣ ለአባባ ብላ እንደሆነ። 

«ለአባባ ብዬ አይደለም» አለች። «ደክሞኝ ነበር ልጄ። ሰው ማስወጣትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል። ምሳውን ማቅረብ ቀለለኝ።»

እኔ ስኒውን አደረቅኩ። እኛ ዛሬ ሲደክመን የምንዘጋው በር አለን፤ እነሱ በደከማቸው ቁጥር የሚገባባቸው ሰው ነበር። የትኛው እረፍት እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን ይህን አልጠየቀችኝም፤ አንድ መንገደኛ ገብቶ ሻይ አዘዘ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።